ከአንድ ጡት፣ ከአንድ ሰሐን
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)



ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ንግግራችን ዕድሜውን በሰው ሆድ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያንን በማጥናት ስላሳለፈ አንድ የሕክምና ተመራማሪ ነው። ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት ግን እኔው ራሴ ያጠፋሁትን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ያለ እርሱ ይህን ርዕስ አላነሣውም ነበር።

ነገሩ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል። ከዐስር ሶላት በኋላ አንዲት እናት መንታ ልጆቿን ይዛ ወደ መስጂዱ ግቢ መጣች፤ አንዱን አዝላ፣ አንዱን ታቅፋ። ልጆቹ ዓመት ተኩል ገደማ ይሆናቸዋል። የታዘለው ደልደል ያለና የሚስቅ ነበር። የታቀፈው ግን ጠጉሩ ሳስቶ፣ እግሩ አብጦ፣ ፊቱ የሽማግሌ ፊት መስሏል። የመጣችው ቁርኣን እንድቀራበትና ዱዓ እንዳደርግለት ነው። «ሸይኼ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አንዱን እያበላች አንዱን ታስርባለች ይለኛል። ወላሂ ከአንድ ጡት ነው የጠቡት፣ ከአንድ ሰሐን ነው የማበላቸው» አለችኝ። ቀራሁበት። እዚያ ላይ ባበቃ ኖሮ ደግ ነበር። እኔ ግን በልጆች መካከል ዓድል ማድረግ ግዴታ ስለመሆኑ ረዘም ያለ ምክር አስከተልኩ። ምክሩ በራሱ እውነት ነው፤ ያለ ቦታው ሲነገር ግን በደል ይሆናል። ሴትየዋ ዕንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ሄደች። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው እንኳን አላልኳትም።

እንግዲህ ወደ ተመራማሪው እንሂድ። ስሙ ጄፍሪ ጎርደን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ከተማ ተወለደ። በ1973 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ፤ ከዚያም በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥራ ዘመኑን አሳለፈ። ልዩ ሙያው የጨጓራና የአንጀት ሕክምና ነው። መጀመሪያ ያጠና የነበረው የአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት እንዴት እንደሚያድጉና እንዴት እንደሚተካኩ ነበር። እያጠና ሲሄድ ግን አንድ ነገር ከለከለው፤ አንጀት ብቻውን አይኖርም። በውስጡ ሕዝብ አለ።

ይህ ሕዝብ ምን ያህል ነው? ቀድሞ በየመጽሐፉ የሚጻፈው የባክቴሪያዎቹ ቁጥር ከራሳችን ሕዋሳት አሥር እጥፍ ነው የሚል ነበር፤ እኔም በአንድ ወቅት በዚሁ ማይክራፎን ደግሜዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገ ስሌት ግን ቁጥሩ ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። በአንድ አዋቂ ወንድ ላይ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያና ወደ 30 ትሪሊዮን የራሱ ሕዋስ ይገኛል። ባክቴሪያዎቹ ሁሉ ተጠራቅመው ቢመዘኑ ሁለት መቶ ግራም ያህል ናቸው። አብዛኞቹ የሚኖሩት በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። ጠላቶቻችንም አይደሉም። እኛ መፍጨት የማንችለውን ይፈጩልናል፣ ቪታሚን ይሠሩልናል፣ ሰውነታችን በሽታን የሚከላከልበትን ኃይልም ያሠለጥናሉ። ሱብሓነላህ! ሰው በገዛ ሆዱ ውስጥ ይህን ሁሉ እንግዳ ተሸክሞ ሳያውቀው ይኖራል።

ጎርደን ይህን ሕዝብ ለማጥናት የመረጠው መንገድ ከባድ ነበር። በውስጣቸው አንድም ባክቴሪያ የሌለባቸውን አይጦች ማሳደግ ያስፈልጋል። እነዚህ አይጦች የሚኖሩት ዙሪያው በታሸገ የፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ ነው። የሚገባላቸው አየር ይጣራል፤ ምግባቸውና ውሃቸው ከጀርም ይጸዳል። ሠራተኛው የሚነካቸው ከድንኳኑ ግድግዳ ጋር በተያያዘ ጓንት ብቻ ነው። ከዚያ ተመራማሪው የፈለገውን ዓይነት ባክቴሪያ ይሰጣቸውና ምን እንደሚሆኑ ይመለከታል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ብዙዎችን አስገርሟል። ጀርም አልባዎቹ አይጦች ከሌሎቹ የበለጠ ይበላሉ፤ ግን ቀጭን ናቸው። ከተራ አይጦች አንጀት የተወሰደ ባክቴሪያ ሲሰጣቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰውነታቸው ስብ ወደ 60 በመቶ ጨመረ፤ ያውም የሚበሉት ቀንሶ ሳለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከወፍራም አይጥ የተወሰደ ባክቴሪያ የተሰጣቸው ከቀጭን አይጥ ከተሰጣቸው የበለጠ ስብ እንደሚያከማቹ ታየ። ከመጠን ያለፈ ውፍረት የስኳር በሽታንና የልብ ሕመምን የመሳሰሉ ሥር የሰደዱ በሽታዎች በር መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ጥያቄው የላቦራቶሪ ጨዋታ አልነበረም።

በ2013 ደግሞ ወደ ሰው መንታዎች መጡ፤ አንዷ ወፍራም፣ አንዷ ቀጭን የሆኑ አራት ጥንድ ሴቶች። የወፍራሟን ባክቴሪያ የተቀበለው አይጥ ወፈረ፤ የቀጭኗን የተቀበለው አልወፈረም። ሁለቱን አይጦች በአንድ ላይ ሲያኖሯቸው የቀጭኗ ባክቴሪያ ወደ ሌላኛው እየተሻገረ ከመወፈር ጠበቀው። ይህ የሚሆነው ግን ምግባቸው ቅባቱ ትንሽ፣ አትክልትና ፍራፍሬው ብዙ ሲሆን ብቻ ነው። ምግቡ ቅባት የበዛበትና አትክልት ያነሰው ሲሆን መልካሞቹ ባክቴሪያዎች መሻገር አልቻሉም። መልካም እንግዳ የሚያርፈው የሚበላው ባለበት ቤት ነው መሰለኝ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን በዚያው በ2013 የወጣው ሌላ ጥናታቸው ነው። የጎርደን ቡድን ማርክ ማነሪ ከሚባል የሕፃናት ሐኪም ጋር በማላዊ ገጠር 317 ጥንድ መንታ ሕፃናትን እስከ ሦስት ዓመታቸው ተከታትሏል። በግማሾቹ ጥንዶች ሁለቱም ልጆች ደኅና ሆነው አደጉ። በመቶ ሰባቱ ሁለቱም ታመሙ። በመቶ አርባ ሦስቱ ግን አንደኛው ልጅ በምግብ እጥረት በሽታ ሲያዝ ሌላኛው ጤነኛ ሆኖ ቀጠለ! አንድ እናት፣ አንድ ጎጆ፣ አንድ ማዕድ። ከበሽታው ዓይነቶች አንዱ ኩዋሽዮርኮር የሚባለው እግር የሚያሳብጠው፣ ጠጉር የሚያሳሳው ነው።

ተመራማሪዎቹ የታመመውንና የጤነኛውን መንታ ባክቴሪያ ለየብቻ ለጀርም አልባ አይጦች ሰጡ። ለሁሉም አይጦች የማላዊ ገጠር ሰው የሚበላውን ዓይነት ምግብ አበሏቸው። ከኩዋሽዮርኮር ሕፃናት የተወሰደውን የተቀበሉት በጣም ከሱ። የጤነኞቹን የተቀበሉት ያንኑ ምግብ እየበሉ ያን ያህል አልከሱም። ስለዚህ የምግቡ ድህነት ብቻውን፣ ባክቴሪያውም ብቻውን አይደለም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ይህን ሳነብ ያቺ እናት ከነልጆቿ ፊቴ ላይ ቆመች። የልጇ ሕመም መንስኤው ይኸው ነበር ማለቴ አይደለም፤ ያንን ሐኪም ያላየው ሰው ሊናገር አይችልም። ነገር ግን «ከአንድ ሰሐን ነው የማበላቸው» ስትለኝ እውነቷን ሊሆን እንደሚችል እንኳ አላሰብኩም ነበር። ጎረቤት «አስራብሽው» ይላል፣ ሌላው «የሰው ዓይን በላው» ይላል፣ ኢማሙ ስለ ዓድል ይመክራል፤ በመካከል ልጁ ይሞታል።

ጎርደን በማላዊ አላቆመም። ቀጣዩ ሥራው በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ፣ ሚርፑር በሚባል ድሀ ሠፈር ነው። እዚያ ከእርሱ ጋር የሠራው ዶክተር ታሕሚድ አሕመድ ነው። ዶክተር ታሕሚድ የሚሠራበት የዳካው የተቅማጥ በሽታዎች ምርምር ማዕከል ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ ልጅ ሲያስቀምጠው በውሃ በጥብጠን የምንሰጠው ኦ.አር.ኤስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በሕሙማን ላይ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ተመራማሪዎቹ በሚርፑር 50 ጤነኛ ሕፃናትን ከተወለዱ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው በየወሩ ተከታተሉ። ያገኙት ነገር ይህ ነው፦ ልጅ ጥርስ እንደሚያወጣና እንደሚሄድ ሁሉ የሆዱ ባክቴሪያም በሥርዓት ያድጋል፤ ዕድሜ አለው። ክፉኛ በተጎዱት ልጆች ላይ ግን ልጁ ዓመት ተኩል ሞልቶት የሆዱ ባክቴሪያ ገና የትንሽ ሕፃን ሆኖ ይገኛል። በምግብ ታክሞ ከሞት ቢተርፍም ባክቴሪያው ለጥቂት ጊዜ ይሻሻልና ተመልሶ ወደ ኋላ ይቀራል። በ2014 የታተመው ይህ ጥናት አንድ የቆየ እንቆቅልሽ ፈታ ለማለት ያስደፍራል፤ ከሞት የተረፉ ልጆች ለምን በቁመትም በአእምሮም ወደ ኋላ ይቀራሉ የሚለውን። እኛም አገር መቀንጨር ስንት ቤት እንደገባ የምታውቁት ነው።

ቀጥሎ ሆን ብለው ምግብ ፈለጉ። መድኃኒት አይደለም፤ እናቶች ከገበያ የሚያውቁትን ምግብ። ብዙ ዓይነት እህልና ፍሬ በአይጥ፣ በአሳማ ግልገል፣ በመጨረሻም በሕፃናት ላይ እያነጻጸሩ የጎደሉትን ባክቴሪያዎች የሚመግበውን ለዩ። የተመረጠው ከሽምብራ፣ ከለውዝ፣ ከአኩሪ አተርና ካልበሰለ ሙዝ የተዘጋጀ ነው። በ2021 የታተመው ሙከራ ከ12 እስከ 18 ወር የሆናቸው 123 የሚርፑር ሕፃናት የተሳተፉበት ነው። ግማሾቹ ይህን፣ ግማሾቹ የተለመደውን ደጋፊ ምግብ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ወር ተመገቡ። የተለመደው ምግብ በካሎሪ ይበልጣል። ሆኖም በክብደት የተሻለ ፍጥነት ያሳዩት አዲሱን የበሉት ናቸው፤ በደማቸውም ውስጥ ከአጥንትና ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዙ ፕሮቲኖች ጨመሩ። ካሎሪው አንሶ ዕድገቱ በለጠ! ጎርደን እ.ኤ.አ. በ2023 በስፔን የሚሰጠውን የአስቱርያስ ልዕልት ሽልማት ከሁለት ሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ተቀብሏል። ለእኔ ግን ከሽልማቱ የሚበልጠው፣ በ2004 ስለ ወፍራም አይጥ የጀመረ ሰው ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ የሚርፑር ሕፃን አፍ ድረስ መድረሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ይህን ሰምታችሁ ነገ ሽምብራና ሙዝ አደባልቃችሁ ለተጎዳ ልጅ መድኃኒት አታድርጉት። ያ ምግብ መጠኑ በግራም ተለክቶ የተዘጋጀ ነው፤ ሙከራውም በአንድ ሠፈር ልጆች ላይ የተደረገ ነው። ክፉኛ የከሳ ወይም ያበጠ ልጅ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ሕክምናና ፕላምፒ ነት ይፈልጋል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ በቀለማሟ መለኪያ ሲለካ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለት እግሩ ካበጠ፣ ዱዓችሁን እያደረጋችሁ በዚያው ቀን ውሰዱት። ዱዓና ሕክምና ተጣልተው አያውቁም። በሆድ ባክቴሪያ ስም ስኳር በሽታን አድናለሁ እያሉ ብልቃጥ የሚሸጡትንም ተጠንቀቁ። ራሳቸው ሊቃውንቱ ከአይጥ ወደ ሰው ሲሻገሩ እየፈሩ ነው የሚናገሩት፤ ሻጩ የት አግኝቶት ደፈረ?

በቤታችን ግን የምንችለው አለ። የእናት ጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት በብዛት ይገኛል። ለማን ተዘጋጀ ትላላችሁ? በሕፃኑ አንጀት ውስጥ ላሉት መልካም ባክቴሪያዎች ነው! አላህ ለልጁ ብቻ ሳይሆን በልጁ ውስጥ ላሉትም ሲሳይ አዘጋጅቷል። እናት ሁለት ዓመት ሙሉ እንድታጠባ የተመከረችበትን ጉዳይ በዚህ ዓይን ተመልከቱት። ሌላው አንቲባዮቲክ ነው። ልጅ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መስጠት በእኛ ሠፈር ልማድ ሆኗል። ጉንፋን በቫይረስ ስለሚመጣ አንቲባዮቲኩ አይነካውም፤ የሚያጠፋው በማደግ ላይ ያለውን የሆድ ሕዝብ ነው። ሐኪም ሲያዝዘው ደግሞ እንደታዘዘው እስከ መጨረሻው ይሰጥ።

ያቺን እናት በኋላ አስፈልጌያት ነበር። ከባሏ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሄደዋል አሉኝ፤ ከዚህ ያለፈ የሚያውቅ አላገኘሁም። ምናልባት ሬዲዮ ትከፍት ይሆናል። እህቴ፣ መንታ ልጆችሽን ይዘሽ የመጣሽብኝ፣ ያኔ የተናገርሽው እውነት ነበር፤ እኔ ነኝ ያላመንኩሽ። አፉ በይኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።