እንግሊዝኛ ለመንገደኛ
(በአሶሳ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንግሊዝኛ ያልተማረ ሰው የለም። በልጅነታችን ፊደሉን ቆጥረናል፤ ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህም ሌላውን ትምህርት የተማርነው በእርሱ ነው። እንዲህም ሆኖ ከመካከላችን አንዱ፣ ለንግድ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ አጎቱ የአይሮፕላን ቲኬታቸውን እንዲያነብላቸው ቢጠይቁት፣ 9:30 የሚለውን አይቶ «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው» አላቸው። አጎቱም ምሳቸውን በልተው፣ ጎረቤቱን ተሰናብተው አይሮፕላን ማረፊያ ቢደርሱ፣ አይሮፕላኑ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሄዷል። ቀጠሮው ቀረ፤ ገንዘቡም ተጎዳ። አጎቱ ግን የተናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ታዲያ ይህን ያህል ዓመት ምን ስትማር ነበር?»

ይህን የምንናገረው ጓደኛችንን ለማሳፈር አይደለም። ጓደኛችን በሰዋስው ፈተና የተመሰገነ ነው። የአጎቱ ጥያቄ ግን ለሁላችንም የቀረበ ስለሆነ፣ ሁላችንም ልንመልሰው ይገባናል።

ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ በባምባሲ፣ በመንዲ፣ በጊምቢና በነቀምቴ በኩል ያለው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባለፉት ዓመታት በዚህ መንገድ ላይ በደረሰው የጸጥታ ችግር ምክንያት ብዙ ነጋዴ ፊቱን ወደ አይሮፕላን መልሷል። ማንጎ የሚልከው፣ ወርቅ የሚያቀርበው፣ ዕቃ የሚያስመጣው ሁሉ መንገደኛ ነው፤ አልፎ ተርፎ ዱባይና ጓንግዡ የሚደርስም አለ። የቲኬቱ ጽሑፍ ግን እንግሊዝኛ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ለሚያነብለት ይከፍላል፤ አንባቢው ሲሳሳትም ኪሳራው የከፋዩ ነው።

አንዳንዶቻችን «እንግሊዝኛ ከባድ ነው፤ ትልልቆቹ ሰዎች አሁን ከየት ይለምዱታል?» እንላለን። ይህ ትክክል አይደለም። የበርታ ነጋዴዎች በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ሰዎች ጋር በዐረብኛ ሲገበያዩ፣ ቋንቋውን ያገኙት ሁሉም ከትምህርት ቤት አልነበረም። ብዙዎቹ የዋጋውን፣ የሚዛኑንና የሰላምታውን ቃል አስቀድመው ያዙ፤ ሌላው በጊዜው ተከተለ። ለፈተና ሳይሆን ለገበያ ተማሩ። የመንገደኛም እንግሊዝኛ እንደዚሁ ጥቂት ነው፤ በአራት ነገሮች ይጠቃለላል።

አንደኛው ሰዓት ነው። እኛ ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከንጋትና ከምሽት ነው፤ የቲኬቱ ሰዓት ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ እስከ 24ም ይሄዳል። ስለዚህ ከቲኬቱ ላይ 6 መቀነስ ነው፦ 15:00 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ከ7 የሚያንሰው ላይ ግን 6 እንጨምራለን፤ ከ19 ጀምሮ ካለው ላይ ደግሞ 18 እንቀንሳለን። «ረቡዕ 00:30» የተባለው በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። መንገደኛው ከቤቱ መውጣት ያለበት ማክሰኞ ማታ ነው። ረቡዕ ማታ ቢሄድ አንድ ቀን አልፎታል። የመድረሻው ሰዓትም የሚጻፈው በሚደረስበት አገር አቆጣጠር መሆኑን አንርሳ።

ሁለተኛው ቀን ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በውጭው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነበር፤ በየአራት ዓመቱ ግን ጳጉሜን ስድስት ስትሆን የሚቀጥለው መስከረም 1 በ12 ይውላል። ደግሞም 05/09 ተብሎ ቢጻፍ እንግሊዞች ሴፕቴምበር 5 ሲሉት አሜሪካኖች ሜይ 9 ይሉታል። እንግዲህ መድኃኒቱ የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ነው።

ሦስተኛው ስም ነው። በግዕዝ ፊደል አንድ የሆነው ስም በእንግሊዝኛ ብዙ መልክ አለው። የ«ቀ»ን ድምፅ አንዱ በ«ኬይ»፣ ሌላው በ«ኪው» ይጽፈዋል። አሶሳን ራስዋን አንዱ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው በሁለት ይጽፋታል። ስለሆነም በቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ስም ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል መገልበጥ አለበት፤ በጆሮ የተሰማውን መጻፍ ያሳስታል። በስልክ ሲነገርም ፊደላቱን መቁጠር ነው። የዓለም አቪዬሽን ከ1956 ጀምሮ (በውጭው አቆጣጠር) ለየፊደሉ አንድ ቃል መድቧል። የአሶሳ አይሮፕላን ማረፊያ ምልክት ሦስት ፊደል ነው፦ አልፋ፣ ሲዬራ፣ ኦስካር። የአዲስ አበባው ደግሞ አልፋ፣ ዴልታ፣ ዴልታ ነው።

አራተኛው የሆቴል ቃል ነው። «ደብል» ለሁለት ሰው አንድ ሰፊ አልጋ ያለው ክፍል ነው፤ «ትዊን» ሁለት አልጋ ያለው ነው። ሁለት ሸሪኮች አብረው ሲሄዱ ይህን አለመለየት ሌሊቱን ሙሉ ያሳፍራል። «ቼክ አውት 12:00» ማለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ክፍሉን ልቀቁ ማለት ነው፤ በእኛው አሥራ ሁለት ሰዓት መስሎት እስከ ማታ የቆየ እንግዳ ተጨማሪ ሂሳብ ሊጠየቅ ይችላል። ረቡዕ 00:30 ላይ የሚደርስ መንገደኛም ክፍል የሚይዘው ከማክሰኞ ሌሊት ጀምሮ ነው። «ነን ሪፈንደብል» የሚል ቃል ካለ ደግሞ የተከፈለው አይመለስም፤ ርካሽ ነው ብሎ ከመቸኮል በፊት ይህችን ቃል መፈለግ ነው።

ለእነዚህ አራቱ የሚያስፈልገን አረፍተ ነገር ከአሥር አይበልጥም። «ካን አይ ቼንጅ ዘ ዴት?» ቀኑን መለወጥ እችላለሁ? «ኢዝ ብሬክፋስት ኢንክሉድድ?» ቁርስ በዋጋው ውስጥ አለ? ከሁሉ የሚበልጠው ግን «ፕሊዝ ሪፒት» ነው፤ እባክዎ ይድገሙልኝ። እኛ ተማሪዎች የምንፈራው ይህንኑ ነው። እንዳላዋቂ እንዳንቆጠር ሳይገባን «የስ» እንላለን፤ ከዚያም እንከፍልበታለን።

ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። መጀመሪያ፣ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ጥንድ ጥንድ ሆነን፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን፣ በስልክ እንደምንነጋገር ቲኬትና ክፍል መያዝን እንለማመድ፤ ፊት ካልታየ የእጅ ምልክት አይረዳምና። ሁለተኛ፣ የተለማመድነውን ለወላጆቻችንና በከተማው ላሉ ነጋዴዎች ያለ ዋጋ እናስተምር። ቲኬታቸውን ብቻ እያነበብንላቸው ብንኖር አዲስ ደላሎች ሆንን ማለት ነው፤ ማንበቡን ካሳየናቸው ግን ተማርን ማለት እንችላለን።

የጓደኛችን አጎት በሚቀጥለው ጉዟቸው ቲኬታቸውን በራሳቸው አንብበው «ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው» ያሉ ቀን፣ ለዚያ ጥያቄ መልስ ሰጥተናል።