ዘግይቶ የሚታይ ጉዳት፦ የአንጎል ተላላፊ በሽታዎችና የእርጅና ዘመን ደዌዎች



አንድ የብረት ድልድይ በድንገት ተሰብሮ ቢገኝ፣ መሐንዲስ የሚጠይቀው በዚያን ቀን ምን ዓይነት ተሽከርካሪ እንዳለፈበት ብቻ አይደለም። ስንጥቁ ከስንት ዓመት በፊት እንደ ጀመረ፣ ምን እንደ ፈጠረውና ሳይታይ እንዴት ሊቆይ እንደ ቻለ ይመረምራል። የአንጎልን ደዌዎች በሚመለከት ግን ይህ ጥያቄ ለብዙ ዘመን በቅጡ ሳይነሣ ቆይቷል። አንድ አዛውንት የልጆቻቸውን ስም መርሳት ሲጀምሩ «ጃጁ» ይባላል፤ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ደግሞ «ዕድሜ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የዚህ ንግግር ዓላማ፣ ከእነዚህ ደዌዎች አንዳንዶቹ ከብዙ ዓመታት በፊት አንጎልን ባጠቃ ተሐዋሲ የተጀመሩ ሊሆኑ ይችላሉ የሚለው ሐሳብ ምን ያህል ማስረጃ እንዳለው መመዘን ነው። (ሌላ ካልተገለጸ በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የአውሮጳ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች፣ በጎልማሳ ዕድሜያቸው አእምሯቸው እየተናወጠ፣ አንደበታቸው እየተሳሰረ፣ በመጨረሻም ሽባ ሆነው በሚሞቱ ሰዎች የተሞሉ ነበሩ። ምክንያቱ የዘር ድካም ነው፣ የመጠጥ ብዛት ነው፣ የኑሮ ሐሳብ ነው እየተባለ ብዙ ተጽፎበታል። በ1913 ሂዴዮ ኖጉቺና ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች በኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም የእነዚህን ሰዎች አንጎል በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ የቂጥኝን ተሐዋሲ አገኙ። ሕሙማኑ ቂጥኝ የያዛቸው ከአሥር፣ ከሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ አስቀድሞ ነበር። በኋላ ፔኒሲሊን በተገኘ ጊዜ ያ ሁሉ የሆስፒታል ክፍል ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ።

ሁለተኛው ታሪክ በተለይ ለዚህ ማኅበር አባላት የሚስብ ነው። ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ በቪየና በመጀመሪያ የተማረው ምሕንድስና ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ትቶት ወደ ሕክምና ተዛወረ። የአውሮፕላን አብራሪም ነበር። በ1916 እና በ1917 መካከል በነበረው ክረምት ወደ ቪየና ክሊኒክ ይመጡ የነበሩ አንዳንድ ሕሙማን ከታወቁት በሽታዎች በአንዱም የሚመደቡ አልሆኑም። ምግብ እያኘኩ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ሲቀሰቅሷቸው ይነቃሉ፤ ሲተዋቸው ተመልሰው ይተኛሉ። ሌሎቹ ደግሞ ጨርሶ እንቅልፍ አጡ። ኤኮኖሞ በ1917 በሽታውን ለይቶ በጽሑፍ አወጣው። የሞቱትን ሰዎች አንጎል በመመርመርም፣ ብዙ ያንቀላፉት የተጎዱበት ስፍራ እንቅልፍ ካጡት የተለየ መሆኑን አሳየ። ጉዳት የደረሰበትን ክፍል አይቶ የሥራውን ድርሻ ማወቅ የመሐንዲስ ዘዴ መሆኑ ልብ ይሏል።

ይሁንና ዋናው ነገር የታየው በኋላ ነው። ከእንቅልፉ በሽታ የዳኑ የመሰሉ ብዙ ሰዎች፣ ከጥቂት ወራት ወይም ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ገና በወጣትነታቸው፣ እንደ ፓርኪንሰን ሕሙማን መንቀጥቀጥና መድረቅ ጀመሩ። በ1919 ኮንስታንቲን ትሬቲያኮፍ በፓሪስ ባቀረበው ጽሑፍ፣ በእነዚህም በተለመደው የፓርኪንሰን ሕሙማንም አንጎል ውስጥ ጥቁር ቀለም ያላቸው የነርቭ ሕዋሳት የሚገኙበት አንድ ትንሽ ስፍራ ተጎድቶ መገኘቱን ገለጸ። ከእነዚሁ ሕሙማን አንዳንዶቹ እስከ 1969 ድረስ በኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚገኝ ሆስፒታል እንደ ሐውልት ተቀምጠው ነበር። ኦሊቨር ሳክስ የተባለው ሐኪም ኤል-ዶፓ የተባለውን መድኃኒት ሲሰጣቸው ለጥቂት ጊዜ ተነሥተው ተራመዱ፣ ተናገሩ፤ ብዙዎቹም ዳግመኛ ወደቁ።

የዚህ በሽታ መንሥኤ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በኢትዮጵያ በኅዳር 1911 ዓ.ም. ሕዝብ የፈጀው፣ «የኅዳር በሽታ» የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ነው ያመጣው የሚለው አስተያየት ብዙ ደጋፊ ነበረው። ነገር ግን የኤኮኖሞ ሕሙማን የታዩት ያ ወረርሽኝ ዓለምን ከማዳረሱ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። በ2001 በወጣ ጥናትም ተጠብቆ የቆየ የሕሙማን የአንጎል ቁራጭ ተመርምሮ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ምልክት አልተገኘበትም። ሁለት ነገሮች በአንድ ዘመን ስለ ታዩ ብቻ አንዱ የሌላው አባት አይሆንም።

ጉዳቱ ለምን ይህን ያህል ይዘገያል? አንጎል፣ በደንብ እንደ ተሠራ ድልድይ፣ ከሚያስፈልገው በላይ አቅም ይዞ የተፈጠረ ነው። በፓርኪንሰን በሽታ መንቀጥቀጡ የሚታየው ከእነዚያ ጥቁር ሕዋሳት ግማሽ ያህሉ ወይም የሚበልጡት ከጠፉ በኋላ መሆኑ ይገመታል። ስለዚህ በልጅነት ወይም በወጣትነት የደረሰ ጥቃት ትርፉን አቅም በልቶ ዝም ሊል ይችላል፤ የቀረውን ዕድሜ ራሱ ይጨርሰዋል። ይህ አስረጂ ሐሳብ እንጂ የተረጋገጠ ሕግ አይደለም።

ከተረጋገጡት ወገን የሚቀርበው የመልቲፕል ስክሌሮሲስ ጉዳይ ነው። ኤፕስታይን-ባር የተባለው ቫይረስ የማይዘው ሰው ከስንት አንድ በመሆኑ፣ በሽታ አምጪነቱን መመስከር አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። በ2022 የታተመ ጥናት ግን ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን ተከታትሎ፣ በየጊዜው ከተጠራቀመው የደም ናሙና በመነሣት፣ በቫይረሱ የተያዙት ለበሽታው ያላቸው ዕድል በ32 እጥፍ መጨመሩን አሳየ። የነርቭ ሕዋሳት መጎዳት በደም ውስጥ የሚታወቅበት ምልክትም ከፍ ያለው ቫይረሱ ከገባ በኋላ ነበር። ቅደም ተከተሉ ታወቀ ማለት ነው።

ስለ አልዛይመር ነገሩ ገና ክርክር ነው። በ2023 የፊንላንድንና የብሪታንያን መዛግብት የመረመሩ ሰዎች፣ በቫይረስ ምክንያት የአንጎል ብግነት የደረሰባቸው ሰዎች በአልዛይመር የመያዝ ዕድላቸው ቢያንስ በ20 እጥፍ በልጦ አግኝተውታል። ነገር ግን በስውር የጀመረ አልዛይመር ሰውነትን አድክሞ ለቫይረስ አጋልጦት ቢሆንስ? የሕሙማንን ብዛት መቁጠር ብቻውን ይህን አይመልስም።

መልሱን ያቀረበው፣ ማንም ሳያስበው፣ የአንድ መንግሥት የበጀት ውሳኔ ነው። በልጅነት ጉድፍ ያመጣ ቫይረስ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ በእርጅና አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይወጣል። ዌልስ የዚህን በሽታ ክትባት በሴፕቴምበር 2013 ስትጀምር፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1933 እና ከዚያ በኋላ ለተወለዱት ፈቅዳ፣ ከዚያች ቀን በፊት የተወለዱትን ለዘለቄታው ከለከለች። በአንድ ሳምንት ተቀዳድመው የተወለዱ አዛውንት በአመጋገብም በኑሮም ልዩነት የላቸውም፤ የሚለያቸው ክትባቱ ብቻ ነው። ከተፈቀደላቸው ግማሽ ያህሉ ተከተቡ፤ ከተከለከሉት ማለት ይቻላል ማንም አልተከተበም። በ2025 የወጣው ስሌት እንዳመለከተው በሰባት ዓመት ውስጥ ክትባቱ የመርሳትን በሽታ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀንሷል፤ በሴቶች ላይ ውጤቱ በርትቷል። ክትባቱ የረዳው ቫይረሱን ስለ ከለከለ ነው ወይስ የሰውነትን መከላከያ በጠቅላላው ስላነቃቃ? ይህ ገና አልተለየም።

በዚሁ ዓመት የተሰማ ሌላ ውጤት ደስታውን ልክ ያስይዘዋል። አልዛይመር ከጀመራቸው፣ በደማቸውም የሄርፐስ ምልክት ከተገኘባቸው 120 ሰዎች መካከል ለግማሾቹ ቫላሳይክሎቪር የተባለ ፀረ-ቫይረስ መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ማስመሰያ ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር መድከማቸውን አላዘገየውም። የጎበጠ ምሰሶ ጭነቱን ስላነሡለት አይቃናም። ሊሠራበት የሚገባው ጊዜ፣ ካለ፣ ከመጉበጡ በፊት ነው።

የዌልስ ማስረጃ የተገኘው አዲስ መሣሪያ ስለ ተፈለሰፈ አይደለም። እያንዳንዱ አዛውንት የተወለደበት ቀን፣ የተከተበበት ቀንና ሐኪም ዘንድ የቀረበበት ቀን ተመዝግቦ፣ መዝገቦቹም እርስ በርሳቸው ስለሚገናኙ ነው። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 ነው። በዕድሜ የገፉት ብዙዎቹ ልደታቸውን የሚቆጥሩት ጣሊያን በገባ ጊዜ፣ ወይም በእገሌ ሹመት ዘመን እያሉ ነው። እንዲህ ባለ ቆጠራ የአንድ ሳምንት ልዩነት አይታይም። የመዝገብ ሥርዓት፣ የመረጃ ማከማቻና የግንኙነት መስመር ሥራ ደግሞ የሐኪም ሳይሆን የዚህ ማኅበር አባላት ሙያ ነው፤ በዚያ የመጀመሪያ ዓመት የተመዘገቡት ሕፃናት 80 ዓመት የሚሞላቸው በ2096 ነው።