አማርኛዬን ይዤ ቫሌንሲያ

ዛሬ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ረሆቮት፣ ክፋር ማርሞሬክ ነው። የምማረውም እዚያው ረሆቮት፣ በእብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሴሚስተር ስፔን፣ ቫሌንሲያ ተምሬ፣ ከዚያ ብርቱካን እርሻ ላይ የሁለት ወር የመስኖ ስታዥ ሠርቼ ተመለስኩ።

ብዙዎቻችሁ «ቤተሰብ እንዴት ፈቀደ?» ትሉኛላችሁ። ቀላል አልነበረም። አባቴ በልጅነቱ ከጎንደር ሱዳን ድረስ በእግሩ የሄደ ሰው ነው። ነገሩን ሳነሳበት «እኛ በስንት መከራ የገባንበትን አገር አንቺ ትተሽ ልትወጪ ነው?» አለኝ። «ኧረ አባባ፣ ተምሬ እመለሳለሁ» ብለው ዝም አለ። ሦስት ሳምንት ስለዚህ ነገር አላወራንም።

ያስማማን ብርቱካን ነው። አባቴ ከጸቫ እንደወጣ ፓርዴስ ውስጥ ብርቱካን ለቅሟል። «ቫሌንሲያ» ለእሱ ዘግይቶ የሚደርሰው ብርቱካን ስም ነበር። ብርቱካኑ ስሙን ያገኘው ከዚያች ከተማ መሆኑን ስነግረው «ቫሌንሲያ አገር ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ «እንግዲያው ሂጂና እይው፤ ለፋሲካ ግን ትመጫለሽ» አለኝ።

ስፓኒሽ ስጀምር ከእብራይስጥ ይልቅ የረዳኝ አማርኛ ነው። ለምሳሌ «ማኛና» ነገ ማለት ነው፤ «ኝ»ን እኛ ከቤት እናውቃታለን። ደግሞ «ፔሮ» ሲላላ «ግን» ነው፣ «ር»ዋ ስትጠብቅ «ውሻ» ይሆናል። ልክ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል እንደሚሆነው። «እርስዎ»ም አላቸው፤ «ኡስቴድ» ይባላል። እርሻው ላይ ሽማግሌውን ገበሬ በ«ኡስቴድ» ሳናግራቸው «ይቺ ልጅ ያሳደጋት አላት» አሉ። ብዙዎቻችን አማርኛ ከአያት ጋር ቡና ላይ ብቻ የሚያገለግል ይመስለናል። እኔን ግን ስፔን ድረስ አገልግሎኛል።

የከበደኝም ነገር ነበር። «ከየት ነሽ?» «ከእስራኤል።» «አይ፣ ከዚያ በፊትስ?» ይሄ በየሳምንቱ ነው። መጀመሪያ ይደክመኝ ነበር። በኋላ ግን «ተቀመጡ፣ ረጅም ታሪክ ነው» ብዬ ስለ ቤተ እስራኤል መንገር ጀመርኩ። አንዳንዱ ጆሮ ሰጥቶ ይሰማል፣ አንዳንዱ ቡናውን ጨርሶ ይሄዳል።

አንድ ሐሙስ ቀን የውሃውን ፍርድ ቤት አየሁ። ሐሙስ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ ካቴድራሉ በር ፊት፣ ገበሬዎች የመረጧቸው ዳኞች ጥቁር ለብሰው ይቀመጣሉ። «ውሃዬን ወሰደብኝ» የሚል ካለ እዚያው ይሟገታል። ክርክሩም ፍርዱም በቃል ነው፤ ጠበቃ የለም። ዩኔስኮ በ2009 መዝግቦታል። ለአባቴ በስልክ ስነግረው «ታዲያ ሽማግሌ ነው በይኛ!» አለኝ።

ደግሞ ስፓኒሽ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው «የወጣቶች ደሴት» ላይ ተምረዋል። ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በሶማሊያ ጦርነት ያጡ ነበሩ። ሐኪም፣ መሐንዲስ ሆነው የወጡ አሉ። እነሱ በዚያ ዕድሜ፣ ደብዳቤ እየጠበቁ ችለውታል። እኛ ዋትሳፕ በእጃችን ይዘን ምን ያቅተናል?

ለመሄድ ካሰባችሁ፦ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲያችሁን የልውውጥ ቢሮ ጠይቁ። የልውውጥ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያ የሚከፍለው ለራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኢራስመስ ፕላስ የሚባለው የአውሮፓ ስኮላርሺፕም ለእስራኤል ተማሪዎች ክፍት ነው። ከ90 ቀን በላይ ለመቆየት የተማሪ ቪዛ ስለሚያስፈልግ ወረቀቱን ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ከሁሉ በፊት ግን ከእናትና ከአባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ በአማርኛ።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ። ደህና ሁኑ!