የጣት አንጓና የጉልበት ሕመም



በዕድሜ የገፉ እናቶቻችን ከጥፍራቸው ሥር ባለው አንጓ ላይ ጠንካራ ጉጥ ሲያወጡ «የሥራ ብዛት ነው» ብለን እናልፋለን። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገለጸው ይህ ጉጥ ግን ስለ ሌሎች መገጣጠሚያዎችም ይናገራል። በ1952 እ.ኤ.አ. ኬልግረንና ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች ጉጡ ከጉልበትና ከአከርካሪ መገጣጠሚያ ሕመም ጋር አብሮ እንደሚታይ ጽፈዋል። ጉጥ ያለበት ሁሉ ጉልበቱን ይታመማል ማለት አይደለም። ሆኖም ጣት የሰውነትን ክብደት አይሸከምም፤ ሁለቱ አብረው ሲታመሙ ምክንያቱ ሸክም ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ዕድሜና የዘር ውርስም አሉበት።

ስለዚህ ጣታቸው የጎበጠ አረጋዊት ስግደት ቢያሳጥሩ ወይም በቅዳሴ መካከል ቢቀመጡ በስንፍና ሊታሙ አይገባም። የሰበካ ጉባኤው መቀመጫ ያዘጋጅላቸው፤ ሰው ሁሉ በሚያይበት ጥግ ግን አይሁን፣ ያፍራሉና። ምርኩዝ ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ሲያዝ ሸክሙን ያቀልላል፤ ጣትም ስለሚያማቸው መያዣው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይወፍር። የማስታገሻ ክኒን ያለ ሐኪም ምክር አዘውትሮ መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ መገተርና ትኩስ እብጠት ካለ ሕመሙ ሌላ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ።