ስለ ድልህ አሠራርና አጠባበቅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ለመምህራን፥ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)





በዛሬው በዓል ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ መልካም ጠባይ የሚናገሩ ብዙ ስለሆኑ እኔ ወደ ጓዳ ልግባ። የምናገረው ስለ ድልህ ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን አያለሁ። ነገር ግን ድልህ ለብዙዎቻችን የዘወትር ወጣችን ነው። ከግሼ፥ ከጌራ፥ ከማማ፥ ከላሎና ከመርሐቤቴ ገጠሮች ወጥተን በከተማ ቤት ተከራይተን የምንማር ልጆች ከወላጆቻችን ዘንድ ስንመለስ፥ በስንቃችን መካከል ከእንጀራውና ከቆሎው አጠገብ አንዲት ብልቃጥ ድልህ አትታጣም። ጾም ሲሆን፥ ማገዶ ሲያልቅ፥ ፈተና ሲደርስ፥ እንጀራችንን በድልህ እያጠቀስን እናድራለን። ይህች ብልቃጥ በሚገባ ከተሠራች ሳምንቱን ታሻግረናለች፤ በሚገባ ካልተሠራች ግን ሳናውቀው ትጎዳናለች።

ላስረዳችሁ የምፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። ብዙ ሰው የድልህ ሙያ በወፍጮው ላይ ያለ ይመስለዋል። እኔ ግን ድልህ የሚያምረውም የሚበላሸውም ይልቁንም ከወፍጮው በፊት፥ በርበሬው ሲመረጥ፥ ሲቀነጠስና ሲደርቅ ነው እላለሁ።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። ድልህ ማለት የደረቀ ቀይ በርበሬ ከሽንኩርቱ፥ ከዝንጅብሉና ከቅመሙ ጋራ በእርጥቡ ተፈጭቶ እንደ ሊጥ የወፈረው ነው። አዋዜ ደግሞ የተዘጋጀ በርበሬ በጠጅ፥ በአረቄ ወይም በውሃ ቀጠን ብሎ ለጥሬ ሥጋና ለጥብስ የሚቀርበው ነው፤ የበግ አገር በሆነው በመንዛችን ያለ እርሱ የእንግዳ ማዕድ አይሞላም። በደቡብ አገራችን ዳጣ የሚሉት ከእርጥብ ቃሪያ ወይም ከእርጥብ በርበሬ የሚፈጨውን ነው። ሦስቱ ዘመዳሞች ስለሆኑ በየቤቱ ስማቸው ይለዋወጣል።

በርበሬ የደጋ ልጅ አይደለም። እንዲያውም የአፍሪካ ተወላጅ አይደለም። የትውልድ አገሩ አሜሪካ ሲሆን፥ ወደ ቀረው ዓለም የተሠራጨው ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ ነው። ከድልሃችን ቅመሞች የገዛ አገራችን ተወላጅ የሆነው ኮረሪማ ነው። በርበሬ ዛሬም ሙቀት ይወዳል፤ ስለዚህ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በመሐል ሜዳ ብርድና ከእርሷም በላይ ባለው በጓሳ ውርጭ አይበቅልም። ገብሱና በጉ የእኛ ናቸው፤ በርበሬው ግን ከቆላና ከወይና ደጋ ተጭኖ ይመጣል። ማረቆ፥ ሀላባና ቡሬ በበርበሬያቸው ስማቸው የታወቀ ነው። ይህን ማንሣቴ በርበሬው ስንት ጆንያ፥ ስንት መጋዘንና ስንት ዝናብ አልፎ እንደሚደርሰን እንድናስብ ነው። ሚዛን እንዲያነሣ ውሃ የሚረጭበት ጊዜም አለ።

እንግዲህ በገበያ ምን እንመልከት? አንድ ዛላ አንሥታችሁ በጆሮአችሁ አጠገብ ነቅንቁት። ደኅና አድርጎ የደረቀ ከሆነ ፍሬው በውስጡ ይንሿሿል። ስትሰብሩት ቀጭ ይላል። እንደ ቆዳ ከታጠፈ ግን እርጥበት አለበት ማለት ነው። ቀጥሎም ሁለት ሦስቱን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ፤ አሽትቱም። በውጭ ቀይና የሚያብረቀርቅ ሆኖ በውስጡ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ብናኝ ያለበት ብዙ ነው። ይህ ሻጋታ ነው።

ስለ ሻጋታው ጥቂት ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ተርኪ ከሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከ100000 በላይ የሚሆኑ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ሊቃውንት ሲመረምሩ ምክንያቱ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ መብላታቸው መሆኑን ደረሱበት። ሻጋታው የሚያመነጨውም መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ ለውዝና በቆሎ ላይ እንደሚገኝ ሁሉ በበርበሬም ላይ ይገኛል። በአንድ ቀን ሰውን ላይጥል ይችላል፤ በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ ሲበላ ግን ጉበትን ይጎዳል፥ የጉበት ነቀርሳም ያመጣል። የአውሮጳ ኅብረት በ1 ኪሎ ግራም በርበሬ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ እንዳይገኝ ይከለክላል፤ ይህም ከመቶ ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በወጥ እሳት የማይጠፋ መሆኑ ነው። በርበሬው አንድ ጊዜ ከተፈጨ በኋላ የሻገተውን ከደኅናው የሚለይ ዓይን የለም። ስለዚህ ሙያው ሁሉ ያለው ከወፍጮ በፊት ነው ማለቴ ለዚህ ነው። የተፈጨ በርበሬ ከማይታወቅ ቦታ መግዛትም እንዲሁ ያሠጋል፤ በአገራችን የሸክላ ዱቄት፥ በውጭም አገር ሱዳን አንድ የተባለ የተከለከለ ቀለም የተቀላቀለበት በርበሬ ተገኝቶ ያውቃል።

የተገዛውን በርበሬ እንደገና ማድረቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የበጋ ፀሐይ ነው። የበልግ ካፊያ ሳይመጣ ሥራው ቢያልቅ ይሻላል። በርበሬው በመሬት ላይ አይሰጣ፤ በሰሌን ላይ ሆኖ ከመሬት ከፍ ይበል። የደጋው ጉምና ጤዛ ከለቀቀ በኋላ፥ 4 ሰዓት ገደማ ይሰጣ፤ ብርዱ ሳይመለስ በ10 ሰዓት ይግባ። ከዚያ አንድ ባንድ እየተከፈተ ይቀነጠስ፤ የሻገተው፥ የነቀዘውና የነጣው ወጥቶ ይጣል። የሻገተውን ክፍል ብቻ ቆርጦ የቀረውን ማስገባት አይበቃም፤ ለከብትም መስጠት አይገባም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ልኩ በየቤቱ ይለያያል። ለጀማሪ የሚሆን ልክ ይህ ነው፤

ተቀንጥሶ የጸዳ በርበሬ 1 ኪሎ፥
ነጭ ሽንኩርት ሩብ ኪሎ፥
ቀይ ሽንኩርት ሩብ ኪሎ፥
ዝንጅብል 100 ግራም፥
ጨው 200 ግራም፥
ኮረሪማ 2 የሾርባ ማንኪያ፥
ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድ አንድ አንድ ማንኪያ፥
የደረቀ በሶብላ አንድ እፍኝ፥ ጤና አዳም ጥቂት።

በርበሬው በሙቀጫ ይሸረከታል። ሽንኩርቶቹና ዝንጅብሉ ተልጠው፥ ታጥበውና ተጠፍጥፈው ከበሶብላውና ከጤና አዳሙ ጋራ ይወቀጣሉ። ከዚያ ሁሉም ከጨው ጋራ ተደባልቆ፥ ጠጅ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በጥቂቱ እየተርከፈከፈበት ይታሻል። አንድ ሌሊት ተከድኖ ካደረ በኋላ በወፍጮ ላይ በመጅ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ እስኪልም ይፈጫል። ኮረሪማውና አዝሙዶቹ በትንሹ ታምሰው፥ ደቅቀው በመጨረሻ ይገባሉ፤ አስቀድመው ከገቡ ሽታቸው ይሸሻል። ውሃ አታብዙ፤ ድልህ መቅጠን ያለበት ሊበላ ሲል ነው።

እጃችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ዘይት ቀቡት። በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር በውሃ አይሟሟም፤ በቅባት ግን ይሟሟል። ስለዚህ የተቃጠለ አፍን ከውሃ ይልቅ ወተት ያበርደዋል። የሚበዛውም ብዙ ሰው እንደሚያስበው በፍሬው ውስጥ አይደለም፤ ፍሬው በተያያዘበት በነጩ ስስ ሥጋ ውስጥ ነው። ማቃጠሉ እንዲለዝብ የሚሻ ያንን ነጭ ያውጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ሊቃውንት አንዱ ዴቪድ ጁልየስ ሰውነታችን ትኩሳትን የሚያውቅበትን የነርቭ በር ያገኘው በዚሁ በካፕሳይሲን እየመረመረ ነው። በርበሬ ሲያቃጥለን ነርቫችን እውነተኛ እሳት የነካው ይመስለዋል ማለት ነው።

ስለ አጠባበቁም ላሳስብ። ዕቃው ጠርሙስ ወይም በደንብ የታጠበና የደረቀ ሸክላ ይሁን። የቀለም ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ አትጠቀሙበት። እርጥብ ማንኪያ አታግቡ፤ እንጀራም በብልቃጡ ውስጥ አታጥቅሱ፤ የሚበቃችሁን በሳሕን አውጡ። በላዩ ዘይት ማፍሰስ ሻጋታን ያግዳል፤ ነገር ግን አየር በሌለበት የሚያድግ ቦቱሊነም የተባለ ሌላ ክፉ ባክቴሪያ አለ፤ በዘይት ውስጥ የተቀመጠ እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ይመቸዋል። የእርሱ ዘር በፈላ ውሃ እንኳ አይሞትም፤ በእኛ ደጋ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ገደማ ነው። ስለዚህ ጨውን አትቀንሱ፤ የሎሚ ጭማቂ ብትጨምሩበትም ይጠቅማል። ብዙ ሠርቶ ዓመት ከማቆየት ጥቂት ጥቂት መሥራት ይሻላል። ክዳኑ ካበጠ ወይም አረፋ ካወጣ ሳትቀምሱ ድፉት።

ወላጆቻችን ሆይ፥ አንድ ነገር በትሕትና ላሳስባችሁ። ድልህ ማባያ ነው እንጂ ሙሉ ምግብ አይደለም። የሚያድግ ልጅ ሳምንቱን በድልህና በእንጀራ ብቻ ካሳለፈ ሰውነቱ ይጎድላል። በስንቃችን ላይ ጥቂት ሽሮና የባቄላ ቆሎ ጨምሩልን። እኛም ተማሪዎች ሁለት ሦስት ሆነን ማገዶ ብናዋጣ ድልሁን ለሽሮው ማጣፈጫ ልናደርገው እንችላለን።

በመጨረሻ ይህን ሥራ የሚሠራው ማን ነው ብለን እንጠይቅ። እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ድልህ በሚፈጭበት ቀን ወንዱ ልጅ ደብተሩን ሲያነብ እኅቱ በወፍጮው ላይ ጎንበስ ብላ ትውላለች፤ ፈተናው ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ከላይ እንዳልሁት ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው መምረጥና መቀንጠስ ነው። ይህ ደግሞ ዓይንና ትዕግሥት እንጂ የሴት እጅ ብቻ አይጠይቅም። ስለዚህ ወንድሞቼ፥ በመጪው በጋ ከሰሌኑ ዳር ተቀመጡና ቀንጥሱ፤ ዛላውንም ክፈቱ። የሻገተውን የሚያወጣ አንድ ሰው ሲጨመር ድልሁ ይጠራል፥ እኅታችሁም የጥናት ሰዓት ታገኛለች። እናቶቻችንም የየቤታችሁን ልክ ንገሩን፤ በእጃችሁ የምታውቁትን እኛ በደብተራችን እንጻፈው።