እውነታችን በክስ ማመልከቻው ላይ ይስፈር
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



በሙያዬ የልማት ሠራተኛ እንጂ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በመስመር ዘርተን፣ አርመንና ወቅተን ያስረከብነው እህል ዋጋው ካልተከፈለን ድካማችን ከንቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማነሳው እውነት ይዞ ፍርድ ቤት የቀረበ ማኅበር ማመልከቻው በአግባቡ ባለመጻፉ ክሱ ውድቅ ሊሆንበት ስለሚችልበት ሁኔታ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ማኅበር ለነጋዴ 120 ኩንታል ስንዴ አስረከበ እንበል። ነጋዴው ገንዘቡን አልከፈለም። ማኅበሩም «ተከሳሹ የገበሬውን ላብ በልቷልና ፍርድ ይሰጠን» ብሎ ከሰሰ። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ውል ስለመኖሩ፣ እህሉ መቼና የት እንደተረከበ፣ ስንት ብር እንደቀረ አንድም ቃል የለበትም። ዳኛው በዚህ ደረጃ ማስረጃ አይመዝንም። የተጻፈው ሁሉ እውነት ቢሆን ሕጉ የተጠየቀውን ይፈቅዳል ወይ ብሎ ይመረምራል እንጂ። መልሱ አይፈቅድም ከሆነ በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 231 ማመልከቻው የክስ ምክንያት የለውም ተብሎ ውድቅ እንዲሆን ያዛል።

ታዲያ ምን እንጻፍ? የዚሁ ሕግ ቁጥር 222 የተከራካሪዎች ስምና አድራሻ፣ የክሱ መነሻ የሆነው ነገር፣ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ፣ ተከሳሹ ኃላፊ የሚሆንበት ምክንያት እንዲሁም የሚጠየቀው ዳኝነት እንዲገለጽ ይጠይቃል። በምሳሌያችን ማመልከቻው እንዲህ ቢል ይበቃ ነበር፦ በዚህ ቀን በተፈረመ ውል 120 ኩንታል ስንዴ በኩንታል 4,000 ብር ሸጠናል፤ በዚህ ቀን በማኅበሩ መጋዘን አስረክበናል፤ ከጠቅላላው 480,000 ብር 180,000 ብር ተከፍሎ 300,000 ብር ቀርቷል፤ የመክፈያው ጊዜ አልፏል፤ ቀሪው እንዲከፈለን ይወሰን። በቁጥር 223 መሠረት የምስክሮች ዝርዝርና የሰነዶች ቅጂ አብሮ ይያያዛል።

ሌላው ጥንቃቄ የከሳሹ ማንነት ነው። የተመዘገበ ማኅበር የራሱ የሕግ ሰውነት አለው። ስንዴውን የሸጠው ማኅበሩ ከሆነ ሊቀመንበሩ በግል ስማቸው መክሰስ አይገባቸውም። በቁጥር 33 መሠረት ከሳሽ በጉዳዩ ላይ መብት ወይም ጥቅም ያለው መሆን አለበት።

ጉድለቱ በጊዜ ከታወቀ ተስፋ አይቆረጥም። ፍርድ ቤቱ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ማመልከቻ እንዲሻሻል ሊፈቅድ ይችላል። ክሱ ፍሬ ነገሩ ሳይሰማ በዚህ ምክንያት ውድቅ ቢሆንም አስተካክሎ እንደገና መክሰስ ይቻላል። ሆኖም ይርጋ አይጠብቅም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 መሠረት በሌላ ሁኔታ ካልተደነገገ በቀር ከውል የሚነሳ ጥያቄ በ10 ዓመት ይታገዳል። ከይርጋውም በፊት የእርሻ ወቅት ያልፋል፤ ገንዘቡን ለማዳበሪያ የጠበቀ አባል ባዶ እጁን ይቀራል።

ስለሆነም የማኅበራት አመራሮች ውሉን፣ የሚዛን ወረቀቱንና የርክክብ ሰነዱን በአንድ ፋይል እንድትይዙ፣ ወደ ማመልከቻ ጸሐፊ ስትሄዱም ይህንኑ ይዛችሁ እንድትቀርቡ፣ ከመፈረማችሁም በፊት ማመልከቻውን እንድታስነብቡ አደራ እላለሁ። የወረዳው ፍትሕና ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶችም ለማኅበራት ምክር በመስጠት እንዲያግዙን በትሕትና እጠይቃለሁ። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉና።