እንግዳው ሲፈርድ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለሆቴልና ለእንግዳ ማረፊያ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር



ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያቀናው መንገድ ላይ፣ ጊዜው ሰላም ሲሆን፣ የሚያድረው መንገደኛ ብዙ ዐይነት ነው። የጭነት መኪና ነጂው፣ በውሎ አበል የሚንቀሳቀሰው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምን ለመሳለም የሚሄደው ምእመን፣ በጥር ወር ለዘመድ ሠርግ ከባሕር ማዶ የመጣው ሰው፣ ሁሉም በመሸበት ቦታ አልጋ ይይዛል፤ ሲነጋም ይሄዳል። ቀድሞ እንዲህ ያለው እንግዳ ስላደረበት ቤት የሚናገረው ቢበዛ በአውቶቡስ ውስጥ ከጎኑ ለተቀመጠው ሰው ነበር። ዛሬ ግን የዓባይን በረሃ ሳይሻገር ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ከአምስቱ ኮከብ አንዱን ብቻ ይሰጥና ይተኛል። ያ ፍርድ ብቸናን በዐይኑ አይቶ ለማያውቅ ሰው ሁሉ በጉግል ካርታ ላይ ሲነበብ ይኖራል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ፍርድ ነው፤ ይልቁንም አላግባብ የተሰጠው።

ነገሩ ለታላላቆቹ ሆቴሎች ቀላል፣ ለትንንሾቹ ግን ከባድ የሚሆነው በሒሳቡ ምክንያት ነው። አንድ የአዲስ አበባ ሆቴል ከመቶ እንግዶች ዘጠና ዘጠኙ አምስት አምስት ኮከብ ሰጥተውት አንዱ ተቆጥቶ አንድ ቢሰጠው አማካዩ 4.96 ይሆናል፤ ማንም ልብ አይለውም። በሞጣ ያለ ባለ ስምንት ክፍል ማረፊያ ግን ከአራት አስተያየት ሰጪዎች ሦስቱ አምስት፣ አንዱ አንድ ቢሰጡት አማካዩ ወደ 4.0 ይወርዳል። ይህ ቤት 4.8 ላይ ለመድረስ ከዚያ በኋላ ተከታትለው አምስት ኮከብ የሚሰጡ 16 እንግዶች ያስፈልጉታል። በትንሽ ከተማ ደግሞ ካደሩት ሰዎች አስተያየት የሚሰጠው ከስንት አንድ ነው። ደስ ብሎት ያደረው ሰው ሒሳቡን ከፍሎ፣ አመስግኖ ይሄዳል እንጂ ስልኩን አያወጣም። ስለዚህ 16ቱ እስኪሟሉ ዓመትም ሊያልፍ ይችላል። የሃርቫርዱ ማይክል ሉካ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካዋ በሲያትል ከተማ የግል ምግብ ቤቶች የልፕ በተባለው መዝገብ ላይ አንድ ኮከብ ሲጨምርላቸው ገቢያቸው ከ5 እስከ 9 በመቶ ከፍ ይል እንደነበር አሳይቷል። ሲያትል ከሞጣ ሩቅ ናት፤ የኪሳራው አቅጣጫ ግን አንድ ነው።

አላግባብ የሚሰጠው ፍርድ ምንጩ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ እንግዳ ባለቤቱ በማያዝዝበት ነገር ይከስሰዋል፤ መብራት ስለ ጠፋ፣ የከተማው ቧንቧ ስለ ደረቀ፣ የንጋቱ ኪዳን በድምፅ ማጉያ ስለ ቀሰቀሰው ኮከብ ይቀንሳል። ሌላው ያላደረበትን ቤት ከስሙ ተመሳሳይነት የተነሣ ተሳስቶ ያማል። እነዚህ ያናድዳሉ እንጂ ነውር የለባቸውም።

ነውር ያለበት ሌላ ነው። በውሎ አበል የመጣው እንግዳ ጠዋት ሒሳቡን ሲከፍል ከከፈለው የበለጠ ገንዘብ የተጻፈበት ደረሰኝ ይጠይቃል። ባለቤቲቱ እምቢ ስትል አይከራከራትም፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያሳያትና ይሄዳል። ብትጽፍለት ላልተቀበለችው ገንዘብ ግብር ልትከፍልና በሕግ ልትጠየቅ ነው፤ ባትጽፍለት ስሟ ሊጎድፍ ነው። ይህን ታሪክ በሙያው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በየመዝገቡ ላይ ግን «መስተንግዶው መጥፎ ነው» ከሚል ቃል በቀር የሚታይ ነገር የለም። አንዳንድ ጊዜም ያ ቃል እንኳ የለም፤ ጉግል ኮከቡን ብቻ ያለ አንዳች ምክንያት መስጠትን ይፈቅዳልና።

በጎጃም እንግዳና ባለቤት ሲፈራረዱ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ የመጣ ሰው እግሩ ታጥቦ፣ ከቤቱ ያለው ቀርቦለት፣ መደብ ላይ ተነጥፎለት ያድር ነበር፤ ክፍያ አልነበረምና በዋጋው ልክ አላገኘሁም የሚል ክርክርም አይነሣም። ከዚህ ጎን ለጎን ግን ድርጎ ነበር። በጌታው ትእዛዝ የሚጓዝ ሰው ወደ መንደር ሲደርስ ባላገሩ እንጀራውን፣ ወጡንና ጠላውን፣ ለበቅሎው ገብሱን እንዲያቀርብ ይገደድ ነበር። የውጭ አገር ተጓዦች ብዙውን ጊዜ የሚስተናገዱት በዚህ መንገድ ነው። ተጓዡ በመጽሐፉ ውስጥ «ባላገሩ ንፉግ ነው» ብሎ ሲጽፍ፣ ያ ባላገር የከለከለው እንግዳን ሳይሆን ግዴታን መሆኑን አንባቢው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ከአንኮበር ተነሥቶ ዲማ ድረስ የተጓዘበት ዘገባ እ.ኤ.አ. በ1842 በለንደን በንጉሣዊው የጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ላይ ታትሟል። ዲማ ጊዮርጊስ የብቸና ጎረቤት ነው። በዚያ መንገድ ላይ ያሳደሩት ሰዎች ስለ አገራቸው የተጻፈውን አንብበው መልስ ይሰጡ ዘንድ የሚታሰብ አልነበረም። ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር የተለወጠው ፍጥነቱ ብቻ ይመስላል።

በአገሩ ውስጥ ግን ሌላ ሥርዐት ነበር፤ ባለሙያዎችም ልብ ሊሉት ይገባል። አዝማሪው ግብዣ ቤት ገብቶ ባለቤቱን ያወድሳል፤ ብሩ ሲያንስበትም በሰምና ወርቅ ይነካዋል። ሙገሳው በገንዘብ የሚገዛ መሆኑን የማያውቅ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ የለም። ነገር ግን የተነካው ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ግጥም ገጥሞ ለዚያው ለአዝማሪው ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም በዚያው ማሲንቆ፣ በዚያው ዜማ፣ ለዚያው ሰሚ ይመልሰዋል። ክሱና መልሱ አንድ ሌሊት ነው፤ ሰሚውም ሁለቱን ያውቃል። የቆሎ ተማሪውም ቢሆን፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ዳቦ የለመነበትን ደጅ በቅኔ ቢያነሣ፣ ቅኔው በጉባኤ ፊት የሚቀርብና የሚመረመር ነው። እንግዲህ የጎጃም ሰው ፍርድን አይፈራም፤ በችሎት ፊት ተጠየቅ እያለ ሲሟገት የኖረ ነው። የማይለምደው መልስ የሌለውን ፍርድ ነው።

ቤቱን በማያውቅ ሰው መገመት በእነዚህ ሁለት ከተሞች አካባቢ ምን ያህል እንደሚያስቈጣ በ1960 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ የገበሬውን ምርት በገማቾች የሚያስተምን ነበር። የሞጣና የብቸና ገበሬዎች፣ ግምቱ ውሎ አድሮ ርስታቸውን የሚያሳጣ መስሏቸው፣ ገማቾቹን አናስገባም አሉ፤ ሽማግሎቻቸውን አዲስ አበባ ድረስ ልከው አቤት አሉ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ቢልክም በመጨረሻ ገዥው ከጠቅላይ ግዛቱ ተነሣ፤ የግብር ውዝፉም ተማረ። ደም የፈሰሰበትን ነገር ከአንድ ኮከብ ጋር ማመዛዘን በርግጥ አይገባም። ነገር ግን የአንድን ቤት ልክ በሩቅ ሆኖ የሚወስን ሰው «በምን አየህ?» ተብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያ አገር አጥብቆ ያምናል።

ጥያቄው በሙያው ውስጥም ሥፍራ አግኝቶ ያውቃል። የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር በ2007 ዓ.ም. ከተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ የአዲስ አበባን ሆቴሎች በኮከብ ሲመድብ፣ ያነሰ ኮከብ አገኘን ብለው ያማረሩ ባለሆቴሎች ነበሩ። ቅሬታቸው ትክክል ይሁንም አይሁን፣ መስፈርቱ አስቀድሞ የተጻፈ ነበር፤ መዛኙም የታወቀ ነበር፤ አቤት የሚባልበትም ደጅ ነበር። በስልክ የሚሰጠው ኮከብ ከእነዚህ ሦስቱ ብዙውን ጊዜ አንዱም የለውም።

ሆኖም ከናካቴው ደጅ የለውም ማለት አይደለም። ቤቱን ለአጭር ጊዜ የሚያከራይ ሰው የሚገለገልበት ኤርቢኤንቢ፣ እንግዳውና ባለቤቱ በየፊናቸው በ14 ቀን ውስጥ እንዲጽፉ ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህም አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳይጽፍ ወይም ቀኑ ሳያልፍ አያሳይም። ይህ የተደረገው ሁለቱ ወገኖች እየተፈራሩ ወይም እየተበቃቀሉ እንዳይጻጻፉ ነው። ባለቤቱ በተጻፈበት ላይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ማውጣት ይችላል። አስተያየትን ማስፈራሪያ አድርጎ ጥቅም መጠየቅ በድርጅቱ ደንብ የተከለከለ ስለሆነ፣ የደረሰኙ ዐይነት ጥያቄ በድርጅቱ መልእክት መለዋወጫ ላይ በጽሑፍ የመጣ እንደሆነ ጽሑፉ ራሱ ማስረጃ ነው። በቃል ከተጠየቀ ግን የለም። በጉግል ካርታ ላይም ባለቤቱ ቤቱ የርሱ መሆኑን አስመስክሮ ከተመዘገበ መልስ መጻፍና የሐሰት አስተያየትን ማመልከት ይችላል። ድርጅቱ ግን ባለቤቱ ስላልተስማማበት ብቻ አስተያየት አያነሣም፤ ይህም አግባብ ነው።

አግባብ የሚሆነው እንግዳውም እውነት ስላለው ነው። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት «የክፍሉ በር ከውስጥ አይቈለፍም» ብላ ብትጽፍ፣ ያ ቃል ለሌላይቱ ተጓዥ ከባለቤቱ ስም ይልቅ ይከብዳል። በዚህ ላይ መልሱ ቍልፍ መግዛት ነው። ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ አምስት አምስት ኮከብ ማስጻፍም አዝማሪን በገንዘብ ከማስወደስ የባሰ ነው፤ አዝማሪውን የሚሰማ ሰው መከፈሉን ያያል፤ ይህን የሚያነብ ግን አያይም። በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2024 የሐሰት አስተያየትን መግዛትና መሸጥን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። ሙገሳው ራሱ ደግሞ ረክሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት በኤርቢኤንቢ ላይ ካሉት ቤቶች 95 በመቶ ያህሉ አማካያቸው 4.5 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን አግኝቷል። ሁሉም ከፍ ባለበት ሠፈር ውስጥ 4.0 ያለው ቤት የወደቀ ይመስላል።

መልስ መጻፍ የሚጠቅም ለመሆኑ ማስረጃ አለ። ፕሮዘርፒዮና ዜርቫስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ሆቴሎች በትሪፕአድቫይዘር ላይ ለእንግዶቻቸው መልስ መስጠት ከጀመሩ በኋላ የሚደርሳቸው አስተያየት በ12 በመቶ መጨመሩን፣ አማካያቸውም በ0.12 ኮከብ ከፍ ማለቱን ገልጸዋል። ባለቤቱ የሚያነብ መሆኑን ያወቀ ሰው ያለ ምክንያት ለመሳደብ ያመነታል፤ የሚያማርር ቢሆን እንኳ ረዘም አድርጎ፣ ምክንያቱን ዘርዝሮ ይጽፋል።

ለብቸናና ለሞጣ ግን አንድ ከባድ እንቅፋት ነበር። በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀበት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሰሞን ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። አድሮ የሄደው እንግዳ አዲስ አበባ ሲደርስ መጻፍ ይችል ነበር፤ ባለቤቱ ግን መጻፉንም ማወቅ አይችልም ነበር። 30 ቀን የሚለው ደንብ እንዲህ ላለው አገር አልታሰበም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማኅበሩ በአዲስ አበባ ያሉትን አባላቱን ተጠቅሞ፣ ባለቤቱ በስልክ የነገረውን መልስ በባለቤቱ ፈቃድና ስም የሚያስገባለት ሰው ቢያቆም ወጪው ከጥቂት የስልክ ሒሳብ አይበልጥም። አባላቱ በዚህ ላይ ቢወያዩበት መልካም ነው።

መልሱ ምን መምሰል እንዳለበት ብዙ ባለቤቶች ይሳሳታሉ። በንዴት ይጽፋሉ፤ የእንግዳውን ጠባይ ይዘረዝራሉ፤ አንዳንዶችም ከማን ጋር እንዳደረ እስከ መግለጽ ይደርሳሉ። ይህ የእንግዳን ምስጢር ማውጣት ነው፤ ከሙያው የሚያስወጣ ጥፋት ነው። መልሱ የሚጻፈው ለተቈጣው እንግዳ ሳይሆን ነገ ማታ ሞጣ ላይ ለሚመሽበት ሰው ስለሆነ፣ አጭር፣ ጥፋቱን የሚያምን፣ የቀረውንም በልኩ የሚያስረዳ ይሁን። ለምሳሌ፦

«በሞጣ ከእኛ ዘንድ ስላደሩ እናመሰግናለን። በዚያ ሌሊት የከተማው ውኃ ተቋርጦ ነበር፤ አልጋውን ሲይዙ ልንነግርዎ ይገባን ነበር፤ አልነገርንዎትም። በየክፍሉ ውኃ በጀሪካን እናስቀምጣለን፤ በእርስዎ ክፍል አለመቀመጡ የእኛ ጥፋት ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ለእንግዶች እንቅልፍ ሲባል ይቆማል። ደረሰኝ በከፈሉት ልክ ሰጥተንዎታል፤ ከዚያ የበለጠ መጻፍ ግን አንችልም።»